አራት ለአንድ እየመራ የተሸነፈው ልጅ

ቅዳሜ ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር፤ ፍልሰታ የገባበት ቀን። ጠዋት ልምምዳችንን ሠርተን፣ አዳራሹን ወልውለን፣ ምንጣፉን ጥግ ላይ ቆልለን ተለያየን። ማታ ላይ የክለባችን ቴሌግራም ግሩፕ አላስቀምጥ አለኝ። አንዱ ልጅ አጭር ቪዲዮ ለቆ ከሥሩ «ይሄ ደግሞ የምን ፍርድ ነው?» ብሎ ጽፏል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባ ምናምን መልእክት ተደራረበ። ልብ በሉ፣ ክለቡ ውስጥ ያለነው ሃያ ሁለት ሰዎች ነን። የወር ክፍያ ሲጠየቅ ደግሞ ግማሾቻችን ግሩፑን ጨርሶ የማናይ ነን።

ቪዲዮው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የካራቴ ፍጻሜ ነው። ስሙ ቶኪዮ 2020 ይባል እንጂ በኮሮና ምክንያት የተካሄደው በፈረንጆቹ 2021 ነው። ከ75 ኪሎ በላይ የወንዶች ኩሚቴ፣ ማለትም የፍልሚያው ክፍል። የሳዑዲው ታሬግ ሐመዲ ከኢራኑ ሳጃድ ጋንጅዛዴ ጋር። ታሬግ 4 ለ 1 እየመራ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በኦሎምፒክ ታሪኳ ወርቅ አግኝታ አታውቅም፤ ይሄ ልጅ ወርቁን በእጁ ሊያስገባ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ እግሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሳጃድ አንገት አካባቢ ያርፋል፣ ሳጃድ ይወድቃል። አይነሳም። ሐኪሞች ይገባሉ፣ በቃሬዛ ይዘውት ይወጣሉ። ታሬግ ያሸነፈ መስሎት ይደሰታል። ዳኞቹ ይመካከራሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ወርቁን በቃሬዛ ለወጣው ሰው ይሰጣሉ። ታሬግ እዚያው ያለቅሳል። ሳጃድ ደግሞ የኦሎምፒክ አሸናፊ መሆኑን የሰማው ሕክምና ክፍል ውስጥ ሲነቃ ነው።

ግሩፑ ላይ የነበረው ጩኸት ባጭሩ እንዲህ ነው። መሪው እንዴት ይሸነፋል? የመታውስ እንዴት ይቀጣል፣ ካራቴ አይደለም እንዴ? የተመታውስ እጁ የት ነበር?

እኔ ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። መድገም አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ክለቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ለዚህም ይመስለኛል በዚያ ሁሉ መልእክት መሀል አንድም ሰው የእኔን ስም ያልጠራው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ግንቦት ላይ፣ እኔም ሰው ጥያለሁ።

ክለባችን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወጣት ማዕከል አዳራሽ በሰዓት እየተከራየ የሚሠራ ነው። ከእኛ በፊት ኤሮቢክስ አለ፣ ከእኛ በኋላ ጠረጴዛ ቴኒስ ይመጣል። እነሱ ሙዚቃቸውን ሳይዘጉ እኛ ምንጣፍ መዘርጋት እንጀምራለን፣ እኛ ሰላምታ ሰጥተን ሳንጨርስ የቴኒስ ኳስ ትንጣጣለች። ምንጣፉ እንደ ልጆች መጫወቻ እየተገጣጠመ የሚዘረጋው ዓይነት ነው፤ አራቱ ጥርሳቸው ስለተበላ መሀል መሀሉን በፕላስተር እናያይዘዋለን። የግማሾቻችን ልብስ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ የሰፋው ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲንጫጫ የሴንሴ፣ የአሠልጣኛችን ማለት ነው፣ ቆጠራ አይሰማም፣ እጁን አይተን ነው የምንመታው። ይሄን ሁሉ የማወራው ለማማረር አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር እንደምንጋጠም እንድታውቁልኝ ነው። ዛሬ የመታሁት ሰው ማክሰኞ ከፊቴ ይቆማል። ሌላ ተጋጣሚ ከየት ይመጣል?

ልጁ የ19 ዓመት የካምፓስ ተማሪ ነው። አረንጓዴ ቀበቶ፣ ረጅም፣ ችኩል፣ ጨዋ። እኔ ከእሱ ከፍ ያለው ቡናማ ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነበር ያኔ፣ ቀን ባንክ ቤት ቁጭ ብዬ የምውል ሰው ነኝ። ሐሙስ ማታ ሴንሴ «ቀለል ያለ» ብሎ አገናኘን። ቀለል ያለ ማለት ፍጥነት አለ፣ ጉልበት የለም ማለት ነው። ልጁ ሁሌም እግር ሲያይ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንድ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ማዋሺ ገሪ፣ ማለትም ከጎን ዞሮ የሚመጣውን እርግጫ፣ ወደ ጭንቅላቱ ሰነዘርኩ። ይሸሻል ብዬ ነው ቦታውን የለካሁት። እሱ ደግሞ የዚያን ቀን ጀግኖ ወደ ፊት ገባ።

የሚቆጠብ እግር ሰው ሲነካ ጨርቅ የነካ ያህል ነው የሚሰማው። የዚያን ቀን እግሬ እንጨት ነካ። ስሜቱ እስካሁን ከእግሬ አልወጣም።

ወደቀ። አወዳደቁ ራሱ ልክ አልነበረም፣ እጁ ሳይቀድመው ነው የወደቀው። ሴንሴ ሮጦ በጎኑ አዞረው፣ የጥርስ መከላከያውን ከአፉ አወጣለት። ምናልባት አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ክረምት ነበር። ሲነቃ «ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ነገርነው። ትንሽ ቆይቶ «ስንት ሰዓት ነው?» አለ ደግሞ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ታክሲ ጠርተን ሆስፒታል ወሰድነው፣ ራጅ ተነሣ፣ ሌሊቱን እዚያው አደረ። የጭንቅላት መናጋት ነው አሉ፤ ደም አልፈሰሰም፣ ግን ለጊዜው ልምምድ የለም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ልጁ ምንጣፍ ላይ ተዘርሮ እያለ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እጁን አወረደ እኮ!» የሚል ነው። ይቅርታ አይደለም፣ ሐኪም ጥሩ አይደለም። እጁን አወረደ እኮ። ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ ያ ሁሉ ሰው «የሳጃድ እጅ የት ነበር?» ሲል ስልኬን ገልብጬ ያስቀመጥኩት።

ቅዳሜ የልጁ እናት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ማንም ሳይነግራቸው በባዶ እግራቸው ገቡ። «ልጄን የመታው የቱ ነው?» አሉ። ዓይናቸው ትልልቆቹ ወንዶች ላይ ነው፤ በተለይ አንዱ ጂም የሚሠራ ልጅ አለን፣ እሱ ላይ ተተክሏል። ምስኪን፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየሁት። «እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ?» አሉ። ሊስቁ ነው ሊያለቅሱ ያስታውቅ አልነበረም። ከዚያ ወደ ሴንሴ ዞረው «ልጄ ምን አጥፍቶ ነው የተመታው?» አሉ።

ሴንሴ «ምንም አላጠፋም» አለ።

እኔ በሆዴ «እጁን አወረደ» እያልኩ ነው አሁንም። ሴትዮዋ ዝም ብለው ቆዩና «ምንም ሳያጠፋ ከወደቀ ያጠፋ ሰው አለ ማለት ነዋ» አሉ። ጩኸት የለም፣ ስድብ የለም። ሒሳብ ነው የሠሩት። ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

የኦሎምፒኩ ፍርድ እኔ እስከሚገባኝ ከእኚህ እናት ሒሳብ ብዙ አይርቅም። ግን ሕጉን ሳያውቁ መሟገት አይቻልምና ወደ ሕጉ እንግባ።

በዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ውድድር በእጅ የተገኘ ነጥብ 1 ነው፣ ዩኮ ይሉታል። ሆድና ጎን ላይ የሚያርፍ እርግጫ ዋዛሪ ነው፣ 2 ያስገኛል። ጭንቅላትና አንገት ላይ የሚያርፍ እርግጫ ኢፖን ነው፣ 3። ግጥሚያው 3 ደቂቃ ነው፤ ልዩነቱ 8 ከደረሰ ሰዓቱ ሳይሞላ ያበቃል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጭንቅላት ይፈልጋል። ችግሩ ግን እርግጫው ቆዳ ዳሰስ ማድረግ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ፈጣን መሆን አለበት፣ ብርቱ መሆን አለበት፣ ርቀቱ ልክ መሆን አለበት፣ ከመታ በኋላም መቺው ራሱ ንቁ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ግን ሲደርስ መቆም አለበት። ከፍተኛውን ነጥብ የሚያመጣው ምትና ከውድድር የሚያሰርዘው ምት በመሀላቸው ያለው የአንድ ጣት ስፋት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ጃፓኖች ለዚህ አሮጌ ቃል አላቸው፣ ሱንዶሜ። ሱን የድሮ የርዝመት መለኪያ ነው፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ሱን ሲቀር ማቆም።

ቀጥሎ የአሥር ሰከንዱ ሕግ አለ። የወደቀ ተወዳዳሪ በአሥር ሰከንድ ውስጥ በሁለት እግሩ ካልቆመ መፋለም አይችልም ተብሎ ይወጣል። ሳጃድ አልቆመም። እዚህ ላይ 4 ለ 1 የሚባለው ነገር ዋጋ አጣ፤ ግሩፑ ላይ ብዙ ሰው የሳተው ይሄን ነው። ዳኞቹ ፊት የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ያልተነሣው በማን ምክንያት ነው? ምቱ ልክ ነበር፣ ሰውየው በራሱ ጥፋት ነው የተጎዳው ካሉ ታሬግ ያሸንፋል። ምቱ ከልክ አልፏል ካሉ ታሬግ ይሰረዛል። መሀል መንገድ የለም፣ ግማሽ ነጥብ የለም። ከልክ አልፏል አሉ።

ደግሞ መሰረዝም ዓይነት አለው። ለታሬግ የተሰጠው ሐንሶኩ ነው፤ ከዚያ ግጥሚያ ብቻ መሰረዝ። ሺካኩ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ ነውር ለሠራ፣ ሆን ብሎ ለጎዳ፣ የጨዋታውን ክብር ላዋረደ የሚሰጥ ነው፣ ሰውየውን ከነደረጃው ነው ጠራርጎ የሚያወጣው። ታሬግ ብር አንገቱ ላይ አጥልቆ መድረኩ ላይ የቆመው ሐንሶኩ ስለሆነ ነው። ማለትም ዳኞቹ ክፉ ሰው ነህ አላሉትም። እሱም በኋላ በፍርዱ እንደማይስማማ፣ ባሳየው ብቃት ግን ደስተኛ እንደሆነ ተናግሯል። አገሩም ለወርቅ የተመደበውን 5 ሚሊዮን ሪያል ሰጥታዋለች። አልፈርድባትም።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሴንሴ ማሟሟቂያውን አስቀርቶ «በሉ እዚህ ቁጭ በሉና ተሟገቱ፣ ቴሌግራም ላይ አትጨርሱብኝ» አለ። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ዝናቡ ይወርዳል።

መጀመሪያ የተናገረው ከቴኳንዶ ወደ እኛ የመጣ ልጅ ነው። (ሰፈር ውስጥ የካራቴ ልብስ ለብሰን ስናልፍ ሁሌም «ቴኳንዶ ናችሁ?» ነው የምንባለው። አይፈረድባቸውም፤ በዚያው ቶኪዮ ሰለሞን ደምሴ በቴኳንዶ ለኢትዮጵያ ተሰልፎ ነበር፣ በካራቴ ግን ማንም አልነበረንም።) ልጁ እንዲህ አለ፤ እኛ ጋ ጭንቅላት ከመታህ መታህ ነው፣ ጭንቅላት መከላከያ የሚደረገው ለዚያ ነው፣ ሰው በምት ከወደቀ አሸነፍክ። እናንተ ግን ምታ ትላላችሁ፣ ስመታ ለምን መታህ ትላላችሁ። እንዲህ ከሆነማ ነገ እየተሸነፍኩ ስሄድ እወድቃለኋ!

ሳቅን። ግን ክርክሩ ቀላል አይደለም። መውደቅ የሚያሸልም ከሆነ መውደቅ ይለመዳል። ሴንሴ ሕጉ ይሄንንም እንዳሰበበት ነገረን፤ ያልተጎዳ ሰው ተጎዳሁ ብሎ ቢተውን ራሱ ይቀጣል፣ ብሶ ከተገኘ እስከ ሺካኩ ይደርሳል። ራሱን ሳይጠብቅ ዘሎ የሚገባም ሙቦቢ ተብሎ ይቀጣል። ስለዚህ «እጁ የት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሕጉ ውስጥ ቦታ አለው። ልዩነቱ ያን ጥያቄ የሚጠይቀው ዳኛው መሆኑ ነው። መቺው አይደለም።

ይሄን ሲል አላየኝም። ሆን ብሎ እንዳላየኝ ግን አውቃለሁ።

ሌላዋ ልጅ ኪዮኩሺን አነሳች። ልክ ናት፣ ካራቴ አንድ አይደለም። ማስ ኦያማ የመሠረተው ኪዮኩሺን ሙሉ ምት ነው፤ በቡጢ ፊት መምታት ክልክል ነው፣ በእግር ጭንቅላት መትቶ መጣል ግን ድል ነው። ያው ታሬግ፣ ያው እግር፣ ያው አንገት፣ የኪዮኩሺን ምንጣፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ወርቁ የእሱ ነበር። «ታዲያ የቱ ነው እውነተኛው ካራቴ?» አለች። ይሄኛውን ጥያቄ አልወደውም፣ እውነቱን ለመናገር። እውነተኛው የቱ ነው የሚል ክርክር ክለብ ሲያፈርስ አይቻለሁ። ተጋጣሚዎቹ የገቡት በየትኛው ሕግ ነው? ሁለቱም የሱንዶሜውን ሕግ አውቀው፣ በሱ ዓመታት ተወዳድረውበት ነው እዚያ የደረሱት። ቼዝ ላይ ቁጭ ብሎ በዳማ ሕግ መብላት የለም።

ከሁሉ የያዘኝ ግን የጋሼ ንግግር ነው። ጋሼ 61 ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ፍልሚያ አይገቡም፣ ካታ፣ ማለትም ያለ ተጋጣሚ ለብቻ የሚሠራውን ቅንብር፣ ብቻ ነው የሚሠሩት። ብዙም አያወሩም። የዚያን ቀን ጉልበታቸውን እያሹ እንዲህ አሉ፤ «እኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ ሆን ብለህ ነው ወይ ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የተጎዳ አለ ወይ ነው የሚለው። ሳታውቅ በወረወርከው ድንጋይ ሰው ቢጎዳ ካሳ ትከፍላለህ። ካሳ የከፈለ ሰው ወንጀለኛ አይባልም። ካሳ ከፍሎ እዚያው ሰፈር ይኖራል። ያ የዓረብ ልጅ ካሳ ነው የከፈለው፤ ወርቁን።»

ጂም የሚሠራው ልጅ «ውድ ካሳ ነው ጋሼ» አለ።

«አዎ ውድ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ይሄን ጉዳይ ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ፍርዱ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ልቤ ግን ከታሬግ ጋር ነው፣ ይሄን አልደብቅም። እግሩ ሲወጣ ክፋት እንደሌለበት ከማንም በላይ የማውቅ ይመስለኛል። ሰከንድ አይሞላም። ይሸሻል ብለህ ትለካለህ፣ ይገባል። ያ ስሌት ግን የማን ስሌት ነው? የተጋጣሚዬን እርምጃ የገመትኩት እኔ ነኝ። ግምቴ ሲሳሳት ዕዳው እሱ አንገት ላይ ሄዶ ያርፋል፣ እኔ ደግሞ እጁን አወረደ እላለሁ።

በመሀል አንድ የተሳሳተ ወሬ ላርም። «በዚያ ግጥሚያ ምክንያት ነው ካራቴ ከኦሎምፒክ የተባረረው» የሚል ነገር እስካሁን እሰማለሁ። አይደለም። የፓሪስ 2024 አዘጋጆች ካራቴን የተዉት በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ቶኪዮ ሳይጀመር። በምትኩ ብሬክ ዳንስ፣ ስኬትቦርድ፣ ሰርፊንግና ግድግዳ መውጣት መረጡ። ለሎስ አንጀለስ 2028ም አልተጠራም። ማለትም ታሬግና ሳጃድ ያን ምሽት ውድድሩ ወደሚካሄድበት ቡዶካን አዳራሽ ገብተው ሲሰግዱ ካራቴ በቀጣዩ ኦሎምፒክ እንደማይኖር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሌላም የማይወራ ነገር አለ። የቶኪዮው የካራቴ ውድድር በቆየባቸው ሦስት ቀናት ስምንት ወርቅ ተሰጥቶ ስምንት የተለያዩ አገሮች ነው የተካፈሉት። ከነሱ አንዷ የግብጿ ፈርያል አብደልአዚዝ ናት፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ፣ ለግብፅ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። እኛ ግሩፕ ላይ የእሷን ቪዲዮ የላከ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልላክሁም።

ከክርክሩ በኋላ ሁለት ነገር ተቀየረ። አንደኛው ልምምዱ ነው። ሴንሴ ከጣሪያው ብረት ላይ በክር ወረቀት አንጠለጠለ፣ በየቁመታችን ልክ። እግርህ ወረቀቱን ማወዛወዝ አለበት፣ መምታት የለበትም። ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ከሃያ ሁለታችን ወረቀቱን ሳይቀድ የጨረሰ ጋሼ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም እግራቸው እዚያ ድረስ ስለማይወጣ ነው፣ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ለውጡ ታየ። መምታት ስትማር ጉልበት ትማራለህ፣ ማቆም ስትማር ርቀት ትማራለህ፣ እኔ ከአረንጓዴ እስከ ቡናማ ቀበቶ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የተማርኩት።

ሁለተኛው ደንብ ነው። ተጋጣሚውን ከልምምድ ያስወጣ ሰው፣ የተጎዳው እስኪመለስ ድረስ ፍልሚያ አይገባም። ካታ ይሠራል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ጀማሪ ያስተምራል፣ ፍልሚያ ግን የለም። ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እጅ ወጣ፣ አሥራ አራት ለአምስት አለፈ። ተቃዋሚዎቹ ጥሩ ነገር ነው የተናገሩት፤ እንዲህ ከሆነ ሰው ይፈራል፣ ፈሪ ተፋላሚ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል አሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሁለት ሰው ላይ አይቼዋለሁ፣ እግራቸው ታስሯል። አንዱ እንዲያውም በዚያው ቀርቷል፤ ቦክስ እንደገባ ሰማሁ። ደንቡን አሁንም አልቀየርነውም።

የደንቡ የመጀመሪያ ተጠቂ ደግሞ እኔው ሆንኩ። ልጁ ገና አልተመለሰም ነበርና።

በዚያ መሀል ቤታቸው ሄድን፣ ሴንሴ፣ ጋሼና እኔ። ጾም ስለሆነ ብርቱካንና ሙዝ ይዘን። እትዬ ቡና አፈሉ። ልጁ ደህና ነው፤ ራሱን ያመው የነበረው ትቶታል፣ ፈተናውንም ተፈትኗል። እሱ የኦሎምፒኩን ቪዲዮ አይቶታል። «ሴንፓይ፣ ወርቅ አለብሽ» አለኝ እየሳቀ፤ ሴንፓይ በልምምድ የሚቀድም ሰው የሚጠራበት ነው። እኔ ሳቄ አልመጣም። «እጅህን አወረድክ ብዬ ነበር፣ ወድቀህ እያለ» አልኩት። «አውርጄ ነበር እኮ» አለ። እናቱ ከረከቦቱ ቀና ብለው «ቢያወርድስ?» አሉ። ሦስተኛው ስኒ፣ በረካው፣ እስኪደርስ ማንም አልተነፈሰም።

የተመለሰው መስከረም ላይ ነው፣ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ። እናቱ ድፎ ዳቦ አስይዘውታል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ገና ትኩስ። አዳራሹ በሙሉ ዳቦ ዳቦ ሸተተ። ሁለት ሳምንት ካታ ብቻ ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ማታ ሴንሴ ሳያስጠነቅቅ ሁለታችንን ጠራ። ሰገድን፣ ጀመርን።

እግሬ እምቢ አለ። በእጅ ብቻ ነው የምሠራው፣ አንድ፣ ሌላ፣ አንድ። ልጁ ነጥብ አገባብኝ፣ ደገመ። ከዚያ ቆም አለና በጥርስ መከላከያው ውስጥ «እግርሽስ?» አለኝ።

«አለ።»

«ታዲያ አውጪዋ።»

ገባ፣ እንደዚያን ቀኑ ወደ ፊት። እግሬ ወጣ። ጆሮው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ፀጉሩ ሲወዛወዝ አየሁት፣ ልክ እንደ ወረቀቱ። እጁ ደግሞ ላይ ነበረ፣ መንጋጋው ጋ።

ሴንሴ ከጥግ ሆኖ ጮኸ፤ «ሩቅ ነው! ነጥብ የለውም!»